ሱቅ ያስዘጋው ሩጫዬ

ባለቤቴ በዛብሽ የወለደች ሴት ልጃችንን ልታርስ ሐዋሳ የሄደችው በሐምሌ ነበር። እኔም ነጌሌ ላይ ብቻዬን ከብርዱ ጋር ቀረሁ።

ደገኛ ክረምትን ሲያማርር ዝናቡንና ጭቃውን ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡም የለም። ሰማዩ ብቻ እንዳኮረፈ ሰው ጠቁሮ ይውላል፤ ነፋሱ ቀይ አቧራ እየጠረገ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ቦረናዎች ይህን ወቅት አዶሌሳ ይሉታል። በእኔ ቤት የጉንፋን ወቅት ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ሳንባና ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ሳስተምር ለሰማኝ፣ በሽታ በሰፈሬ የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ይኸው መምህር ሐምሌ በገባ ቁጥር ጋቢ ተከናንቦ ግድግዳ እያየ ይውላል። በዛብሽ እያለች ቢያንስ የምነጫነጭበት ሰው ነበረኝ። እሷ ከሄደች ወዲህ ግን መነጫነጩም አስጠላኝ። ምሳዬን ትናንት በተረፈው ወጥ እበላለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ፤ ስነሳ አመሻሽ ይሆናል። ከሰው ጋር ሳላወራ የዋልኩባቸው ቀኖች እየበዙ መጡ።

አንድ ቀን በዛብሽ ደውላ፣ «ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

«ምንም። በተፈጥሮ መንገድ ጤናዬን እየጠበቅሁ ነው» አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ከስልክ ላይ የሰማሁት ወሬ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ ከአፌ ከወጣ ግን ውሸታም ላለመሆን መጀመር ነበረብኝ።

በነጭ ሽንኩርት ጀመርኩ። በባዶ ሆዴ ጥሬውን እያኘክሁ በማር አወራርደው ነበር። ውጤቱን ወዲያው አየሁ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሳትደርስ ወረደች፤ ሹፌሩም በሁለቱም በኩል ያሉትን ሸራዎች ጠቅልሎ ሰቀላቸው። ቀጥዬ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ጣሳ ጀርባዬ ላይ እንዳፈሰስኩ ያወጣሁት ድምፅ የጎረቤትን ውሻ ዝም አሰኘው። ሁለተኛውን ጣሳ ጤና አዳሙ ላይ ደፋሁት።

የቀረኝ ሩጫ ነበር።

ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ የአማቼን ቱታ ለበስኩ። ሱሪው ስለረዘመብኝ እግሩን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። በዋናው መንገድ ቁልቁል ሶምሶማ ጀመርኩ። አካሄዴ ለራሴ ደስ አለኝ። መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን ልብ አላልኩም።

ዙለይካ ሱቋን እየከፈተች ነበር። ሸቀጥ የምትነግድ ጉራጌ ናት፤ በዛብሽ ስኳርና ዘይት የምትገዛው ከእሷ ነው። ከጉሙ ውስጥ ሽማግሌ ሰው እየሮጠ ሲመጣ አየች። በእኛ ከተማ ሽማግሌ በጠዋት ከሮጠ፣ አንድ ነገር መጥቷል ማለት ነው። የከፈተችውን በር መልሳ ዘጋችው። ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊ እሷን አይቶ ዘጋ፤ ከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ ከዚያ ጀበና ቡናዋ ልጅ። ከኋላዬ የቆርቆሮ በር ድምፅ ሲከታተል ይሰማኛል። እኔ ከተማው እየነቃ መስሎኛል።

ቀጥሎ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አብዱባ ዱላውን ይዞ እየሮጠ ነው። አብዱባ ግመሎቹን ከከተማው ዳር የሚያቆም የድሮ ጎረቤቴ ነው። ከእሱ ኋላ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ አንዱ ፎጣ አገልድሟል። እነሱን ሳይ እኔም ፈራሁና ፍጥነት ጨመርኩ። እነሱም ጨመሩ።

ከከተማው መውጫ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መናገር ስላቃተኝ «እለፉ» ለማለት በእጄ ወደ ፊት አመለከትኩ። ሁሉም ወዳመለከትኩት አቅጣጫ እየሮጡ አለፉ።

አብዱባ ብቻ ተመልሶ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አለኝ። «ማንን ነው የምናባርረው?»

«ማንንም» አልኩ እያለከለክሁ። «ስፖርት ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ለጤና።»

ፊቴን አየ። ካልሲዬ ውስጥ የገባውን ሱሪ አየ። ከዚያ ዱላውን ጥሎ አጠገቤ ተቀመጠና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ መጀመሪያ ተቀየምኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰዎቹ ከጉሙ ውስጥ ተመለሱ። ፎጣ ያገለደመው «እዚያ ምንም የለም፤ አምልጧል» ሲል እኔንም ሳቁ ያዘኝ። በዛብሽ ከሄደች ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎኔን ከሩጫው ይልቅ ሳቁ አመመኝ።

ስንመለስ ዙለይካ በሯ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር።

«አንቱ ጋሽ አዳነ፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር» አለችኝ። «መሮጥዎን አልከለክልም። ግን ቀድመው ይንገሩን።»

በማግስቱ አፍሬ ልቀር ነበር። አብዱባ ግን በሬን አንኳኳ። ግመሎቹን ሊያይ ሲሄድ አብሬው እንድሄድ ነው የፈለገው፤ «በእግርህ ሂድ እንጂ አትሩጥ፤ ሰው ሥራ አለው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አብረን እንሄዳለን። መንገድ ላይ በየሱቁ ቆሜ ለጤና እንደምሄድ ማስታወቅ ነበረብኝ። ዙለይካ ጋ ስቆም ስለ በዛብሽ ትጠይቀኛለች። ልብስ ሰፊው ስለ ጉልበቱ ሕመም ይነግረኛል። ባለ ሥጋ ቤቱ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ሳንባ ያስተማርኩትን አንዱንም አያስታውስም። አብዱባ ለሚያገኘው ሁሉ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም እያለ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ እኔም ከእሱ ጋር ቆሜ እጠይቃለሁ። ለሰነፍ ሰው እንዲህ ያለ ስፖርት አይገኝም። ግመሎቹ ጋ ስንደርስ ሰማዩ አንዳንዴ ይከፈትና ፀሐይ ጀርባችንን ትመታናለች። አብዱባ ጢስ ጢስ የሚሸት የግመል ወተት ይሰጠኛል። መጀመሪያ አንገሸገሸኝ፤ በኋላ ወደድኩት።

ጉንፋኑ ግን አልማረኝም። ነሐሴ ላይ ያዘኝና ጣለኝ። ሁለት ቀን ሳልወጣ ብቀር አብዱባ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ፤ ዙለይካ ዝንጅብልና ማር የገባበት ሻይ በፔርሙዝ ላከች፤ ልብስ ሰፊው ዳማከሴ አሽቶ አፍንጫዬ ላይ ያዘልኝና እሱም ማስነጠስ ጀመረ። ባለፈው ዓመት ያው ጉንፋን ወር አስተኝቶኝ ነበር። ዘንድሮ ሰው በዝቶበት ይሁን እንጃ፣ ቶሎ ሄደ።

በዛብሽ በጳጉሜን መጣች። ከመናኸሪያ ወደ ቤት በእግር ስንሄድ ሰው ሁሉ ያስቆመኛል፤ እኔም ቆሜ እጠይቃለሁ። ሻንጣው ከብዷታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ለጤና ነው» አልኳት።

ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «ነጭ ሽንኩርቱንስ የመከረህ ማነው?» አለች፣ ሻንጣውን እያቀበለችኝ በግራዬ ከነበረችበት ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል እየዞረች።