የተንጠለጠለ ጭነት

ኩንታሉ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስሙን ከለመደው ቆይቷል። እንዲያውም ቅናሽ ተደርጎለት ነው እንጂ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ኩንታል ተኩል አልፎ ነበር። ሥራው ክሬን መንዳት ነው። ከሰው ሁሉ በላይ ካቢኑ ውስጥ ተቀምጦ ብረትና ኮንክሪት ሲያወጣና ሲያወርድ ዓመታት አሳልፏል። አንድ ቀን ድርጅቱ አዲስ የደህንነት ቀበቶ ገዛ። ቀበቶው የሚችለው መቶ ሃያ ኪሎ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሰው የክሬኑን መሰላል አይወጣም ተባለ። ምራቁን የዋጠው ኦፕሬተር በአንድ ጀንበር ከላይ ወርዶ ግምጃ ቤት ውስጥ የምስማርና የአካፋ ጠባቂ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሞች ጨጓራውን ቆርጠው ያሳነሱለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሎው እንደ ጉድ ረገፈ። ሱሪው አልይዝ ሲለው መታጠቂያው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ፣ የመታጠቂያውን ትርፍ እየቆረጠ ለሰው ሁሉ ያሳይ ነበር። ሰዎቹም ግማሽ ኩንታል እንበልህ እንዴ እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱም ደስ ይለው ነበር። መቶ ሃያ አራት ላይ ሲደርስ ግን ሚዛኑ ቀጥ አለ። ሳምንት ጠበቀ፤ ሌላ ሳምንት ጠበቀ፤ ወር አለፈ። ያው መቶ ሃያ አራት።

ችግሩ ቀኑ አይጠብቅም። በእሱ ቦታ የሚሠራው ኦፕሬተር ከሌላ ድርጅት በውሰት የመጣ ሰው ነው፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ወይ ይመለሳል ወይ በቋሚነት ይፈርማል። የደህንነት ኃላፊዋ ይህን በግልጽ ነግራዋለች። እስከዚያ መቶ ሃያ ከገባ ካቢኑ የእሱ ነው፤ ካልገባ የሰውየው።

የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ነገሩ ያልታሰበ እንዳልሆነ አስረድታዋለች። ሰውነት ብዙ ሲያጣ ቆም ይላል፤ ብዙ ታካሚዎችም እዚህ ይቆማሉ፤ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ እርጎውን እንዳይተው፣ ውሃውን ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጣ፣ እንዲተኛ፣ ከሁሉ በላይ ምግብ እንዳይቀንስ፤ ከቀነሰ የሚሄደው ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ነው። እሱ በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ወጥቶም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንቁላሉን ተወ። ቀጥሎ ዓሣውን ተወ። በመጨረሻ የቀረችው ማታ ማታ ሚስቱ የምትሠራለት ቀጭን ሾርባ ብቻ ነበረች።

ሚስቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። የዳቦው ሽታ እንዳይፈትነው ብላ ጋውኗን ሰገነቱ ላይ ሰቅላ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ነው ወደ ቤት የምትገባው። እሱ ግን ይህ ሁሉ አልታየውም። መራብ ሰውን ክፉ ያደርጋል፤ ኩንታሉንም አደረገው። አንድ ማታ ሾርባውን በማንኪያ ቀመሰና ሳህኑን ገፋው።

«ምን ጨመርሽበት?» አላት።

«ምን እጨምርበታለሁ?»

«ወፍሯል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። ኪሎዬ የቆመው በማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ሚስቱ ጭልፋውን አንስታ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሾርባው ግን አልቀረም፤ በየማታው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ እሱም እያጉረመረመ ይጠጣዋል።

የሚዛኑ ቀን ሲቃረብ የመጨረሻውን ዘዴ አመጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አልቀመሰም። ሾርባውንም ሳይነካው መለሰ። ወፍራም ጃኬት ደርቦ በፀሐይ ግምጃ ቤቱን ሲዞር ዋለ፤ ላብ ሆኖ የሚወጣው ሁሉ ከመቶ ሃያ አራቱ ላይ የሚቀነስ ነው። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። ጠዋት ኃላፊዋ ቢሮ ገብቶ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ነበር። ቁጥሩ ተንቀጥቅጦ መቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ኃላፊዋ ቁጥሩን ትታ ፊቱን አየች። ከንፈርዎ ደርቋል፤ ደህና ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችው። በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም ኢንጂነር አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። እሷም የካቢኑን ቁልፍ ሰጠችው።

መሰላሉን ሲጀምር ጉልበቱ አብሮት ነበር። መሐል ላይ ከዳው። በየማረፊያው ቆሞ ብረቱን እያቀፈ፣ ነፍሴ አውጪኝ እያለ ነው የወጣው። ካቢኑ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ግን ሁሉን ረሳው። ድሮ ወንበሩ ጎንና ጎኑን ጨምድዶ ይይዘው ነበር፤ አሁን በግራም በቀኝም እጁን ማስገባት ቻለ። ብቻውን ስለነበር እንባው ሲመጣ አልከለከለውም። እንባ እንኳ ብዙ አልነበረውም።

ታች ምልክት የሚሰጠው አማቹ ነው፤ የሚስቱ ወንድም። እድሜ ልካቸውን አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው የሠሩ ናቸው። የዛሬው የመጀመሪያ ጭነት አንድ እስር ፌሮ ነበር፤ ከመሬት ተነስቶ አማቹና ሠራተኞቹ ወደሚጠብቁበት ላይኛው ወለል መድረስ አለበት። አማቹ እጁን አነሳ፤ ኩንታሉ እጀታውን ሳበ፤ ፌሮው ከመሬት ለቀቀ። እጁ ምንም አልረሳም። ጭነቱ ሕንፃውን አልፎ ወጣ፤ የክሬኑንም ክንድ ወደ ሠራተኞቹ ማዞር ጀመረ።

ዓይኑ ላይ ጥቁር ነገር የወረደው ያኔ ነው። ጣቶቹ እጀታው ላይ ተኮማትረው ደረቁ፤ አልታዘዝ አሉት። የክሬኑ ክንድ ፈጥኖ ዞረ፤ ፌሮው ከኋላው ተወዛወዘ። ከታች ሰዎች ሲበተኑ፣ አንዱ ሲወድቅና ሲነሳ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ታየው። አማቹ ግን አልሮጠም። መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ አወናጨፋቸው። ቁም ማለት ነው፤ ይህን ምልክት ማንም ይስጠው ማን፣ ኦፕሬተር አይከራከርም። ኩንታሉ በሌላኛው እጁ ጣቶቹን ከእጀታው ፈልቅቆ አላቀቃቸው። ፍሬኑ ያዘ። ፌሮው ወዲያና ወዲህ እያለ አየር ላይ ቀረ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ምን ሆነሃል?»

«ንፋስ ነው» አለ ኩንታሉ።

«እዚህ የሲሚንቶ ወረቀት እንኳ ንቅንቅ አላለም። ውሃ የጠጣኸው መቼ ነው?»

ዝም አለ። መዋሸት ሳይሆን መናገር ነው ያቃተው፤ ምላሱ ድንጋይ ሆኖበታል። አማቹ ዝምታውን ሰምቶ ጨረሰ።

«የክሬኑን የኋላ ኮንክሪት አውርደህ ቀለለልኝ ትላለህ? አንተ? ያንን ያወረደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለስንቱ ስታስተምር የኖርከው አንተ?»

ኩንታሉ ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ኋላ አየ። ጭነቱን የሚያመዛዝኑት ትልልቅ የኮንክሪት ብሎኮች ጫፉ ላይ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። እነሱ ባይኖሩ ክሬኑ በፊቱ እንደሚደፋ ከማንም በላይ ያውቃል። አፈረ። ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ ነው አንጀቱን የቆረጠው።

ወንበሩ ሥር የውሰቱ ኦፕሬተር ትቶት የሄደ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር። አነሳው። ድሮ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ አሁን ጨጓራው አንድ ጉንጭ ነው የሚችለው፤ ከዚያ በላይ ካስገባ ሁሉንም መልሶ ያወጣዋል። አንድ ጉንጭ ዋጠና ጠበቀ። ታች ሰዎቹ አንጋጠው ያያሉ። ጭነቱን ትቶ አይወርድ፤ በዚህ እጁ አያወርደው። አንድ ጉንጭ ዋጠ፤ ጠበቀ። ስንት ወር ሲጣደፍ የኖረ ሰው፣ ራሱ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ በዚያች ጠባብ ካቢን ውስጥ መጠበቅን ግድ ተማረ። አማቹ ሰዎቹን ከሥር አርቆ ብቻውን ቆሟል፤ አንዴም አላጣደፈውም።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ተፍታቱ። ጥቁሩም ከዓይኑ ላይ ተገፈፈ። ዝግጁ ነኝ አለ በሬዲዮ። አማቹ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ በዝግታ አወዛወዘ፤ ፌሮው ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ።

መሰላሉን ሲጨርስ አማቹ ታች ጠበቀው። ለሰዎቹ ላይ ንፋስ ነበር እንዳላቸው፣ ማንም ምንም እንዳልጠረጠረ ነገረው። ኩንታሉ የካቢኑን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቆመ። አፉን ቢዘጋ ነገም ይወጣል፤ ከነገ ወዲያም። የወደቀው ሠራተኛ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር። ኩንታሉ አየውና ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደ።

«ኢንጂነር፣ የዛሬው ሚዛን ውሸት ነው» አላት፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቁልፉን ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችም፤ አላባበለችውምም። የውሰቱ ሰውዬ ዛሬውኑ እንደሚፈርም፣ ይህ ሕንፃ ለእሱ እንዳበቃ ነገረችው። ፊቱን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠራችው።

«የሚቀጥለው ሕንፃ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው» አለች። «ጠጥተውና በልተው መጥተው ይመዘኑ።»

ማታ ሚስቱ ሾርባውን አቀረበችና እንደ ሰሞኑ ጀርባዋን ልትሰጠው ስትል ቁጭ በይ አላት። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ውሃውን፣ ጣቶቹን፣ የተበተኑትን ሰዎች፣ መሐል የቆመውን ወንድሟን። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች ሲጨርስ። «ያልከው እውነት ነው። ሾርባው ውስጥ እጨምር ነበር። እንቁላል፤ አንዳንዴም የወተት ዱቄት። ዓይኔ እያየ ስትጠፋብኝ ዝም ማለት አቃተኝ።»

ኩንታሉ ሳህኑን አየው። ሁለት ቀን ሳይነካው የመለሰውን ሾርባ አሰበ፤ ከዚያ በፊት እያጉረመረመ የጠጣውን ሁሉ አሰበ። ማንኪያውን አንስቶ ቀመሰ። ቀጭን ነበር፤ ከውሃ ብዙም አይለይም። ከተጣሉ በኋላም ስትጨምርበት እንደቆየች፣ ዛሬ ብቻ እንዳልጨመረችበት ገባው።

ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ፤ ግን እንደዚያ ማታ አይደለም።

«ጨምሪበት» አላት።