የሰባት ቁጥር በጠጥ

ተመራማሪዋ የጠቦቱ በጠጥ የተጠራቀመበትን ከረጢት ከሚዛኑ ላይ አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። ቁጥሩ ያው ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ! ይቺ ሚዛን ሳታብድ አልቀረችም።»

የበረቱ ሠራተኛ መጥረጊያቸውን አስደግፈው መጡ። እዚህ ግቢ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ ዋና ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ከረጢቱን ዛሬ ጠዋት ከሰባት ቁጥር ጠቦት ጅራት ሥር የፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ከወትሮው መክበዱን እጃቸው ያኔውኑ ነግሯቸዋል።

«ሚዛኗስ ደህና ናት» አሉ።

«ታዲያ ይሄ ጠቦት በጠጡን ከየት እያመጣው ነው? ከጓደኞቹ እኩል ይበላል፣ ሲጥል ግን ከሁሉም በብዙ ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ አምስት ቀኑ እኮ ነው!»

ጋሼ ሥራውን አሳምረው ያውቁታል። ከመንጋው በጆሮ ቁጥራቸው የተመረጡት ስድስት ጠቦቶች ሞራ የበዛበት፣ ድርቆሽ ለስም ያህል ብቻ የገባበት መኖ ይሰጣቸዋል። የቀረበላቸው ይመዘናል፣ ያስተረፉት ይመዘናል፣ የጣሉት ይመዘናል። ስቡ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንደሠራ የሚታወቀው በዚያ ነው። ውጤቱ ካማረ፣ መኖ ፋብሪካው በጆንያ እየሞላ ለአርቢው ሁሉ ሊሸጠው አሰፍስፏል።

ተመራማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ አንዱን በጠጥ ፈረከሰችው። ቀጫጭን ጭረቶች ወጡ።

«ድርቆሽ!» አለች። «የነሱ ድርቆሽ እኮ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ነው የሚገባው። ይሄ ከየት መጣ?»

ጋሼ አምና ሌላ ሙከራ ላይ የሁለት በጎች መኖ አቀያይረው ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል፤ ሁለተኛው ማሰናበቻ ነው፤ ጡረታቸው ደግሞ አምስት ወር ቀርቶታል። ቢሆንም ውሸት አልመጣላቸው አለ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ምን?»

«ማመስኳት ተወ፣ ልጄ። ቀኑን ሙሉ ጣውላ ሲግጥ ይውላል። በግ ካላመሰኳ ምኑን በግ ሆነው? አንጀቴ አልችል አለኝ።»

ተመራማሪዋ የተደፋ ባልዲ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ጋሼ! የዓመት ልፋቴን ውሃ አስበሉብኝ! ማመስኳት መተዉ ራሱ እኮ ውጤት ነው። ምነው ቢነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ‹ልጻፈው› ትያለሽ እንጂ ‹ይብላ› አትዪም።»

እውነታቸውን ነው፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ተነሣችና መዝገቧን ገለጠች።

«በቀን ስንት ይሰጡት ነበር?»

«ጠዋት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ።»

«ጭብጥ ስንት ግራም ነው?»

«ጭብጥ ጭብጥ ነዋ!»

ወደ ድርቆሹ ክምር ወሰደቻቸው። ጋሼ ጨበጡ፣ ሚዛኑ ላይ አኖሩ፤ ስድሳ አንድ። ሁለተኛው ስድሳ። ሦስተኛው ስድሳ ሁለት። አሥር ጊዜ አስጨበጠቻቸው፤ አሥሩም እዚያው ገደማ ዋለ። ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት።

«ወይ ጉድ! ሃያ ሁለት ዓመት መኖ የሰጠ እጅ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይስሙኝ፤ ሰባትን ከጥናቱ አወጣዋለሁ። ድርቆሽ በልቷል ብዬ እጽፋለሁ፤ ማን አበላው የሚለውን የሚጠይቀኝ የለም። አምስቱ ይበቁኛል። እነሱማ ተስማምቷቸዋል፤ ሦስትና አሥራ አንድን አያዩአቸውም? ያለ ድርቆሽ እንዲህ ከሆኑ፣ መኖው ይሠራል ማለት ነው።»

ጋሼ እፎይ አሉ። መጥረጊያቸውን ሊያነሱ ዞሩ።

ሦስትና አሥራ አንድ ቁጥር ጎን ለጎን ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያመሰኳሉ። ጋሼ ቆመው አዩአቸው። ያን የመኖ ጆንያ የሚገዛ ሰው ታያቸው፤ ያሉትን አራት አምስት በጎች አስሮ፣ ድርቆሽ አያስፈልግም ተብሎ፣ ጣውላ ሲግጡበት ግራ የሚገባው ሰው። አፋቸውን ቢዘጉ ማንም አያውቅባቸውም። አምስት ወር ምን አላት? ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ታልቃለች።

«ሰባትን ዛሬውኑ ወደ ሜዳ ይልቀቁት» አለች ተመራማሪዋ መዝገቧን እያጠፈች። «በቃ፣ ጨረስን።»

«አልጨረስንም» አሉ ጋሼ።

ወደ ክምሩ ተመልሰው አንድ ጭብጥ አነሡና ሚዛኑ ላይ አኖሩት።

«ይሄ የሦስት ቁጥር ነው። ጠዋት ጠዋት።» እጃቸውን እንደገና ወደ ድርቆሹ ሰደዱ። «መዝገቡን ክፈቺው እንጂ፣ ልጄ። አሥራ አንድ ቁጥርም አለ።»