የአልፊያ አደራ

በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ኮልፌ ላይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሦስት ቀን ብቻ ዘነበ፤ እሱም አቧራውን አላጠፋም። ጉድጓዶች ነጠፉ። ጤፍ ተወደደ፣ ከዚያ ገብስ ተወደደ፣ ከዚያ ሰው ዋጋ መጠየቁን ተወ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች ባለው መስክ ላሞች ሣር ቢያጡ አፈር ይልሱ ነበር። አቅመ ደካሞች አልጋ ያዙ። ከእነሱም አንዷ አልፊያ ነበረች።

ወንድይፍራው ይህን የሰማ ቀን ምሳውን አልበላም።

ወንድይፍራው ከጦሩ በጡረታ የተሰናበተ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ሥራው ፈንጂ ማምከን ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲሰናበት በሐራጅ ከተሸጠ አሮጌ ዕቃ መካከል አንድ የፈንጂ መፈለጊያ ገዛ፤ ረጅም እጀታ፣ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የመሰለ ሳህን፣ የጆሮ ማዳመጫ ያለው። ብረት ካለበት ሲደርስ ያፏጫል። በየእሑዱ ከምሳ በኋላ ከሚስቱ ከዘመነችና ከልጁ ከሰብሌ ጋር ይዞት ወደ መስኩ ይወርዳል። ጣሊያን እዚያ ሰፍሮ ነበርና የማይገኝ የለም፤ ቀለህ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ። ሰብሌ አጥባ፣ የተገኘበትን ቀን ጽፋ በመደርደሪያ ትደረድረዋለች።

«ሰው በእሑድ ዘመድ ይጠይቃል፤ እኛ ዝገት እንጠይቃለን» ትላለች ዘመነች። ጎረቤቱ ደግሞ ወርቅ ፍለጋ ነው ይል ነበር።

ለእናትና ልጅ ጨዋታ ነው። ለወንድይፍራው ግን አይደለም። በ1928 ነጋዴው ዩሱፍ ሊዘምት ሲነሣ የሚስቱን የአልፊያን የብር አምባሮች ለወንድይፍራው አባት አደራ ሰጠ። አባትየው ከመስኩ ቀበሩት። ዩሱፍ በዚያው ቀረ። ጣሊያን መስኩን ይዞ ዛፉን ጨፈጨፈው፤ ምልክት የሚሆን ነገር አላስቀረም። አባትየው ከነጻነት በኋላ አሥር ዓመት ቆፍረው ሳያገኙ ሞቱ። ሲሞቱ የልጃቸውን እጅ ይዘው «አደራ በላ አታስብለኝ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ ወንድይፍራው በየዓመቱ በኢድ ማግስት ከአልፊያ ደጅ ቆሞ «አልተገኘም» ብሎ ይመለሳል። አልፊያ ልጅ አልወለደችም። እሷ ከሞተች አደራውን የሚቀበልም፣ ይቅር የሚልም የለም።

መታመሟን በሰማ ማግስት ወደ አልፊያ ቤት ሄደ። የምታስታምማት ጎረቤቷ ዙቤዳ በሩን ከፈተች።

«ግቡ እንጂ ጋሼ፣ ደጅ ምን ያቆመዎታል?»

ገባ። አልፊያ ከፍራሹ ላይ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ዛሬ ኢድ አይደለም። ልትሞት ነው አሉህና መጣህ?»

«እግዜር ይማርዎት እማማ።»

«በል፣ አልተገኘም በላ። እሷን ካልተናገርክ መንገዱም አይገፋልህ።»

«አልተገኘም» አለ አቀርቅሮ።

አልፊያ ስትስቅ ሳል ያዛት። «ያን የሚያህል ብረት ምድር ዋጠችው እንግዲህ።»

«የምን ብረት?»

«የጥይት ሣጥኑን ነዋ! አባትህ ቅል ይበሰብሳል፣ ገንቦ ይሰበራል ብለው ከየትም አምጥተው። ዩሱፍ ለሙሽራ አምባር ይሄ ምን የሚሉት ሙዳይ ነው ብሎ ስቆባቸዋል።»

ወንድይፍራው ቀና አለ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? እንደ ለማኝ ከደጅ ቆመህ፣ አንዲት ቃል ጣል አድርገህ ትሮጣለህ።»

እውነቷን ነው። አደራ የጠፋበት ሰው የአደራውን ባለቤት «በምን ነበር ያስቀመጣችሁት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ወንድይፍራውም ብር የሚቀበረው በቅል ነው ብሎ ቀጭን ፉጨት ብቻ ሲከተል ኖረ። መሣሪያው ትልቅ ብረት አግኝቶ ጮክ ያለበትን አንድ ቦታ ግን በሙያው እንደተማረው በድንጋይ ከብቦ፣ ቀይ ጨርቅ አስሮ፣ ሰው እንዳይቀርበው ከለከለ። በዚያው መስክ በ1935 የአንድ ገበሬ በሬ ከነሞፈሩ በቦምብ ተበታትኗልና። አሥራ አንድ ዓመት የዞረው በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ነበር።

አደራው ሊሆን ይችላል። ቦምብም ሊሆን ይችላል። ለጦሩ አመልክቶ ሌላ ሰው ይምጣ ቢል ወር ይፈጃል፤ አልፊያ ደግሞ ወር የላትም።

በነጋው ከዘመነችና ከሰብሌ ጋር ወደ መስኩ ወረደ። ፈንጂ በዶማ አይቆፈርም፤ በሳንጃ ጫፍ አግድም እየተወጋ ነው የሚፈለገው። መሬቱ ግን ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ሳንጃ አይገባውም። ከወንዙ ውኃ እየቀዱ ማራስ ግድ ሆነ።

«ለመጠጥ ያጣነውን ውኃ ለቦምብ እናጠጣው?» አለች ዘመነች። እንስራዋን ግን መልሳ ለመሙላት ወረደች።

ከቀትር በኋላ አፈሩ ለዘብ አለ። ወንድይፍራው ከሩቁ የድንጋይ ካብ ኋላ አስቀመጣቸው።

«ብጮህም አትምጡ። ዝም ብልም አትምጡ።»

«ዝም ካልክማ ማን ይምጣ? ቀባሪ?»

«ዘመነች!»

«እሺ፣ እሺ። መቼስ አፌ ነው።» ሰብሌን ጎትታ ከጎኗ አስቀመጠች።

በሆዱ ተኛ። ሳንጃውን ወጋ፣ አወጣ፣ በጣት ስፋት ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ወጋ። ክንድ ያህል ሲወርድ ብረት ነካ። እጁን አቆመ። አፈሩን በጣቱ ጫረ። ጣቱ ያገኘው ድቡልቡል ነገር ነው። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ። መጫሩን ቀጠለ፤ ድቡልቡሉ የሣጥን እጀታ ሆነ፤ ከሥሩ ማዕዘን ወጣ። ቦምብ ማዕዘን የለውም። ግን ሣጥን መስሎ የሚቀበር ፈንጂም በዘመኑ አይቷል፤ ሲያነሡት የሚፈነዳ። ገመድ ከእጀታው አስሮ፣ ገመዱን እየለቀቀ ከካቡ ኋላ ሄዶ ተኛ።

ሦስቱም ገመዱን ያዙ። «ፊታችሁን መሬት ድፉ። ሳቡ።»

ገመዱ ተወጠረ። አንድ ነገር ጓ አለ። ሰብሌ «ኢየሱስ!» አለች። አልፈነዳም። ወንድይፍራው ረጅም ጊዜ ከጠበቀ በኋላ ተነሥቶ ሄደ። ሣጥኑ ከጉድጓዱ አፍ በጎኑ ወድቋል።

«አባባ፣ ከፍተው ይዩት። ጥይት ይዘን ብንሄድስ?»

«አደራ የሚፈታው ባለቤቱ ነው።»

«አደራ መሆኑን በምን አወቁ?»

 ሣጥኑን በኩታው ጠቅልሎ ታቀፈና ዳገቱን ወጣ።

ከአልፊያ ደጃፍ ብዙ ጫማ ወልቆ ነበር። ሲያየው ቆመ። የለቅሶ ቤት መሰለው። ዙቤዳ ወጣች።

«ሽማግሌዎች ዱዓ ሊያደርጉላት መጥተው ነው። ግቡ።»

ሣጥኑን ከአልፊያ ጎን አኖረው። ክዳኑ ዝጎ ተጣብቋል። ዙቤዳ በቢላዋ ፈልቅቃ ከፈተችው። ጨርቁ ክር ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥሩ አምባሮቹ ጠቁረው ተኝተዋል። አልፊያ አንዱን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ አሸች፣ አሸች፤ አበራ።

«ጠቁረዋል» አለ ወንድይፍራው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

«እኔስ መች ነጣሁ?» አለች። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ስሙኝ። ዩሱፍ ለዚህ ሰው አባት የሰጠው አደራ በእጄ ገብቷል። ከአባቱም ከእሱም የምፈልገው የለኝም።»

«ሰምተናል» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ለዓመታት ከደጅ ሲመለስ የኖረው ወንድይፍራው ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀመጠ።