ከኋላ የምትለቅም ካቦ

ካቦ ያደረጉኝ ማክሰኞ ቀን ነው። ሹመቱ የአንድ ወር ሙከራ መሆኑንም የቡና ማጠቢያችን ሥራ አስኪያጅ ደግነት እዚያው ነግሮኛል። ደግነት በዕድሜ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ግን የሽማግሌ ነው።

"ጸሐይ፣ አንድ ወር ሞክሪው" አለኝ። "ቡናው ከተበላሸ ግን ምን አደርጋለሁ? ደጀኔን እመልሰዋለሁ። እሱ ሥራውን ያውቃል።"

ደጀኔ ሥራውን ማወቁን የሚክድ የለም። ስድስት ዓመት ካቦያችን ነበር። እኛ አሪቻ አጠገብ ባለው ማጠቢያ፣ ታጥቦ የወጣው ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ግራና ቀኝ ቆመን የተበሳውን፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ እየለቀምን የምናወጣ ሴቶች ነን። ከእኔ ጋር ሠላሳ ሁለት። ደጀኔ በመካከላችን ሲያልፍ እንኳን ወሬው ሳሉም ይቆም ነበር። የተበሳ ፍሬ ሲያገኝ አይናገርም፤ እፍኝ ሙሉ ይዘግንና ፊት ላይ ይበትናል።

ኅዳር ላይ ሩሃማ ፊት ላይ በተነ። ሩሃማ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባትና እናት የሏትም፤ ሁለት ታናናሾቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። አንዱ ፍሬ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ሠላሳ ሁለታችንም እጃችንን ከአልጋው አንሥተን ቆምን። ያስተባበረን ሰው አልነበረም። ደግነት መጥቶ የሩሃማን ዓይን አየ፤ ደጀኔን ወደ መፈልፈያ ማሽኑ አዛወረውና እኔን ጠራኝ።

"ለምን እኔን?" አልኩት።

"አሥራ አራት ዓመት ለቅመሻል። ካንቺ እጅ የተበሳ ፍሬ አልፎ አያውቅም። ደግሞም ሰዉ ሁሉ ችግሩን የሚነግረው ላንቺ ነው።"

እውነቱን ነው፤ ማዳመጥ እችላለሁ። ማዘዝ ግን በቤቴም አልለመድኩም።

ለሥልጠና ዲላ ላኩኝ። ሦስት ቀን። ከየማጠቢያው የመጣን ሃያ የምንሆን ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን፤ ከረባት ያሰረ ልጅ "ሊደርሺፕ" እያለ ግድግዳው ላይ ምስል ያሳየናል። በቡድን ከፋፍሎ ዛፍ አሳለን። ሥሩ ራእይ ነው ተባለ፤ ግንዱም አንድ ነገር ነው፤ ቅጠሉም ሌላ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ በራሴ፣ ከመዝሙር ደብተር ላይ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። እኔ ግንዱን ጽፌ ሳልጨርስ የእነሱ ቅጠል ረግፏል። ከሦስቱ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፤ "መሪ ማለት ምሳሌ ነው" ያለውን። ይሄማ ቀላል ነው አልኩ በሆዴ። መልቀም ነው እንግዲህ። ከማንም በላይ መልቀም።

ተመልሼ እንደዚያው አደረግሁ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፤ ማታ ከሁሉም ኋላ እወጣለሁ። ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ፣ ሴቶቹ ለቅመው ያለፉትን መልሼ እለቅማለሁ። አልቆጣም። የማንንም ስሕተት ለማንም አልናገርም። የተረፋቸውን ዝም ብዬ አወጣና ቅርጫቴ ውስጥ እጥላለሁ። ከስድብ የጋረድኳቸው መስሎኝ ነበር። ደግነትም በመጀመሪያው ሳምንት ቡናውን አይቶ "በርቺ!" አለኝ። ወገቤ 'ተሰበርኩ' ሳይለኝ የዋለ ቀን የለም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

አንድ ቀን ባርኮት፣ ምላሷ የማያርፈው፣ ጮክ ብላ "ዛሬ ሁለት ፀሐይ ነው የወጣብን፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከኋላ!" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እጄ አልደርስ አለ። ከየገበሬው የሚገባው እሸት ቡና በዛና አሥራ ሁለት የነበረው አልጋ ሠላሳ ሆነ። የምሮጠው እየጨመረ ሄደ፤ ቡናው ላይ የማገኘው ቆሻሻ ግን ከእኔ ሩጫ በላይ ጨመረ። ሴቶቹ እጃቸው ቡናው ላይ ነው፤ የተበሳው ፍሬ ከጣታቸው ሥር ሲያልፍ አያነሱትም። ታመው ይሆን? ደክሟቸው ይሆን? አልጠየቅሁም። ብቻ መልሼ ለቀምኩ።

ሰኞ ዕለት ደግነት ጣሳና ነጭ ትሪ ይዞ መጣ። ከሰባተኛው አልጋ አንድ ጣሳ ቀድቶ ትሪው ላይ ዘረገፈና የተበላሸውን በጣቱ እየለየ ቆጠረ።

"አርባ አንድ" አለ።

ከትሪው ላይ አንዱን አንሥቼ አየሁት፤ ተበስቷል።

"ዓርብ ከአዲስ አበባ ቡናውን የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ ሳይደርሱ ጠዋት እኔ ራሴ አያለሁ። ከአሥር ካለፈ፣ ጸሐይ…"

አልጨረሰውም። ዓይኑ ወደ መፈልፈያው ሄደ። ደጀኔ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኛ ይመለከታል።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ጸለይኩ። "ጌታ ሆይ፣ ለእኔስ ግድ የለም፤ ወደ ድሮ ቦታዬ እመለሳለሁ። ሩሃማ ግን ለዚያ ሰው እንዴት አድርጋ ፊቷን ትሰጣለች?" ለምኜ ጨረስኩና ዝም አልኩ። ዝም ስል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ሴት እንኳን ምንም አላወራችኝም። የባል ነገር የለ፣ የልጅ ሕመም የለ፣ ሐሜት የለ። እኔ ሰው የሚያወራኝ ሴት ነበርኩ እኮ።

በማግሥቱ ሸራው ከአልጋዎቹ ላይ ሳይነሣ ሰበሰብኳቸው።

"ምን እንዳጠፋሁ ንገሩኝ" አልኩ።

"ኧረ ምንም አላጠፋሽም፣ እትዬ" አሉ ከየአቅጣጫው። ለደጀኔም እንደዚህ ነበር የምንመልስለት።

እንደ ልማዴ ቆሜ ጠበቅሁ። መጠበቁን አውቅበታለሁ። ባርኮት እግሯን እያፈራረቀች ቆየችና አልቻለችም።

"ልናገር? ኋላ አትቀየሚኝም?"

"ተናገሪ።"

"እኛ ለምን እንለቅማለን? አንቺ መልሰሽ ትለቅሚው የለ! ቤታችን ተኝተን ብንውልም ታወጪዋለሽ።"

ጥቂቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሩሃማ ግን አልሳቀችም።

"እኔ ልንገርሽ፣ እትዬ ጸሐይ" አለች። "ደጀኔ ፊቴ ላይ በተነ። ክፉ ነው። ግን ምን እንዳጠፋሁ አወቅሁ። አንቺ ከኋላዬ ትመጫለሽ፣ ከአልጋዬ ላይ ታነሻለሽ፣ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ። ቤቴ ገብቼ 'ዛሬ ስንት አወጣችብኝ?' እላለሁ። አላመንሽኝም ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ 'ሩሃማ፣ ይኼን ተመልከች' ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

ከደጀኔ ጋር በአንድ አፍ ተጠራሁ፤ ያውም ለእሷ ብዬ በሠራሁት ሥራ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ "እኮ ላንቺ ብዬ ነው" ልል ነበር። መልሼ ዘጋሁት። እውነት ቢሆንም ለእሷ ምን ያደርግላታል?

"እሺ" አልኩ። "ምን ላድርግ?"

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ተራ አስይዤ አንድ በአንድ ሰማሁ። ነገሩ ሲጠቃለል ይኼ ነው፤ ደጀኔ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልጋ ያዘዋውረን ነበር፤ እኔም እንደዚያው ቀጠልኩ። ስለዚህ ማንም ሴት "ይኼ የእኔ ቡና ነው" የምትለው የላትም። ሁለት ሁለት ሆነን ሁለት ሁለት አልጋ እንያዝ፣ ከርጥቡ እስከ ደረቁ እኛው እንጠየቅበት አሉ።

"ተበላሽቶ ባገኘውስ?"

"ጠርተሽ አሳዪና" አለች ሩሃማ። "ፊት ለፊት።"

"አትበትኚብን እንጂ!" አለች ባርኮት፣ ሳቁም ሌላ ሳቅ ሆነ። እዚያው ጥንድ ጥንድ ተመዳደቡ። አንዲት ጥንድ ያጣች ተረፈች፤ ከባርኮት ጋር ሦስተኛ ሆነች። ሥራው ሲጀመር እጄን የማደርግበት አጣሁ። ከኋላዬ አጣምሬ ያዝኩት፤ አላምነውማ።

ረቡዕ ዕለት በአልጋዎቹ መካከል ስሄድ ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለዋል፤ እርስ በርስ ይተራረማሉ። አንድ ቦታ ብቻ፣ ሀጅራ በምትቆምበት በኩል፣ የተበሳው ፍሬ እንዳለ ተኝቷል። ሀጅራ አሥራ አራቱን ዓመት አጠገቤ የቆመች ወዳጄ ናት። ማክሰኞ ሁሉም ሲናገር እሷ አልተናገረችም። እጄ ሊያነሣው ሄደ። ያዝኩት።

"ሀጅራ፣ እስቲ ነይ" አልኳት ወደ ጥላው። አንዱን ፍሬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። "ይኼ ተበስቷል።"

ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ አራቀችው። እንደገና አስጠጋችው።

"የቱ ጋ?" አለች።

ያኔ ገባኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እህቴ?"

"ካምና። ጥቁሩን ከነጩ እለያለሁ። ቀዳዳው ነው የማይታየኝ።" ሻሽዋን እየነካካች ወደ መሬት አየች። "ጎኔ ሆነሽ ስትለቅሚ የእኔንም ታወጪልኝ ነበር፤ አይታወቅብኝም። ካቦ ሆነሽም ከኋላ ስታወጪልኝ ተመስገን አልኩ። ማክሰኞ እነ ሩሃማ ያን ሲሉሽ፣ ወላሂ፣ እንጀራዬ ቆመ ብዬ ነበር። ልታባርሪኝ ነው?"

ደጀኔን ፈርታ ደበቀችው። እኔን ግን ምን ብላ? ማንም ያልጠየቃት ሰው ምን ብላ ትናገር?

"ሀጅራ፣ ቡና መድረቁ በቅቶት እንደሆነ በእጅሽ ታውቂያለሽ?"

"እሱንማ ዓይኔን ታስሬ!"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ማገላበጡና ሸራው ያንቺ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሳይሰነጥቀው የምታስሸፍኚ፣ የደረቀውን 'ይነሣ' የምትዪ አንቺ ነሽ። የለቀማ ቦታሽን ከእነ ባርኮት አንዷ ትይዘዋለች።"

በደረቷ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ስታወጣው ሰማሁት። ካምና ጀምሮ የያዘችው ይመስላል። "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔም በበኩሌ አመሰገንኩ፤ አሁን ግን ድምፅ ሳላወጣ።

ሐሙስ ዓይኔን ቡናው ላይ፣ እጄን ከኋላዬ አድርጌ ዋልኩ። አራቴ ሴቶች ጠርቼ አሳየሁ። አንዷ አኮረፈች፤ ከምሳ በኋላ ራሷ "አሁንስ?" ብላ ጠራችኝ።

ዓርብ ጠዋት ደግነት ጣሳና ትሪውን ይዞ ደረሰ። ከአራት አልጋ ቀዳ። የመጨረሻው የሩሃማ ነበር። እየለየ ሲቆጥር ማሽኑ ቆሟል፤ ደጀኔ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ሩሃማ ወደ ትሪው አታይም፤ የምታየው ደጀኔን ነው። እኔ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ።

"ስድስት" አለ ደግነት ስለ መጀመሪያው። ሁለተኛው ስምንት። ሦስተኛው አራት። የሩሃማን ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

"ሦስት።" ቀና ብሎ ፈገግ አለ። "ምን አደረግሽ፣ ጸሐይ?"

"መልቀም ተውኩ" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። "በይ ወሩ ቢሞላም ባይሞላም ቀጥዪ" ብሎ እንግዶቹን ሊቀበል ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሀጅራ በጣሳ ውኃ አምጥታ "ጠጪ፤ ደግሞ ካቦ ሆነሽ እንዳትወድቂብን" አለችኝ።

ገና ውኃውን ሳልጨርስ ደጀኔ መጣ። እጁ በማሽኑ ቅባት፣ ግራሶ በግራሶ ነው። ተነሣሁ። ከፊቴ ቆሞ ጨርቁን ሲጠመዝዝ ቆየ።

"ተገላገልኩ" አለ።

"ምን?"

"ይመልሱኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር እኮ! ሠላሳ ሴት! ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስገባ ራሴን ይወጋኝ ነበር። ማሽኑ ይሻለኛል። ሲበላሽ ይንኳኳል፣ ትከፍተዋለህ፣ ታየዋለህ፣ አለቀ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያቺ ልጅ… ሩሃማ… ዓይኗ ዳነ?"

"ድኗል።"

"እስካሁን ተቀይማለች? አንቺ እስቲ ንገሪልኝ። ደጀኔ ተጸጽቷል በይልኝ። አንቺን ትሰማሻለች።"

እግሬ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግርለት ተነሥቼ ነበር። ቆምኩ።

"ደጀኔ፣ ያቻት እዚያ" አልኩት። "ሄደህ ራስህ ንገራት።"

"ብትሰድበኝስ?"

"ትስደብሃ።"

እጁን ከቧንቧው ሥር አስገብቶ ታጠበ። እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ በሁለቱ አልጋዎች መካከል፣ ድሮ ሲመጣ ሳል የሚቆምበት መንገድ ላይ፣ አንገቱን ሰብሮ ሄደ። ሩሃማ ቀና አለች፤ ወደ ኋላ ግን አልሸሸችም። እሱ ተናገረ። እሷ ረጅም ነገር መለሰችለት፤ ጣቷንም ወደ ዓይኗ አመለከተች። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከቆምኩበት ቃሉ አይሰማም፤ ጠጋ ብዬ ልስማ አላልኩም።

"ምን አለችው?" አለችኝ ሀጅራ።

"እኔ እንጃ" አልኩና ውኃዬን ጨረስኩ።