ከባለቤቱ በፊት የምትገባ ቃል

መምህር ካሳሁን ሸዋ ሮቢት ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በከተማው ደብዳቤ የሚያስተረጉም፣ የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብብ፣ ለልጁ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሁሉ እሱን ብሎ ነበር የሚመጣው። ነበር! ይህችን «ነበር» ነው ካሳሁን ሊውጣት ያልቻለው።

«ነበር»ን ያመጣበት ሮቤል ነው። ሮቤል የዛሬ አሥር ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በካሳሁን ፈተና ከመቶ ሠላሳ ስምንት ያገኘ ልጅ ነው። ትምህርቱን እንደምንም ገፍቶ ጨረሰና ዋናው መንገድ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ገባ። ወደ ሰሜን የሚያልፍ ፈረንጅ ሁሉ ምሳውን እዚያ ይበላል፤ ሮቤልም ሳህኑን ከማንሳቱ ወሬውን ማንሳት ይቀድመዋል። ይኸው ዘንድሮ ከባጃጅ መጠገኛው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ የንግግር እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከቀወት ገጠር በእግራቸው የሚመጡ አሉ፤ ከማጀቴ ተሳፍረው የሚመጡም አሉ።

ካሳሁን ይህንንም እንደምንም በቻለው። ያልቻለው የገዛ ልጁን ነው። ትንሣኤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ስትጠፋ አባቷ መዝሙር ጥናት ላይ ያለች መስሎት ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ግን አመለጣት።

«ኦነስትሊ፣ ሙቀቱ ዛሬ ገደለኝ» አለች።

ካሳሁን ጉርሻውን ሳያላምጥ ቀረ። ምን ማለትሽ ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም በደስታ አስረዳችው። ኦነስትሊ ማለት እኛ «እውነቱን ልንገርህ» ብለን እንደምንጀምረው ነው፤ አክቹዋሊ ደግሞ «እንደ እውነቱ ከሆነ» እንደማለት ነው፤ ሮቤል ብዙ አስተምሮናል አለችው።

«ዓረፍተ ነገር በባለቤቱ ነው የሚጀመረው» አላት፣ ድምፁን እንደ ክፍል ውስጥ አድርጎ። «ቤት ያለ ባለቤቱ አይከፈትም። እነዚህ ቃላት ቦታቸው ከግሱ ኋላ ነው።»

«ሮቤል ግን፣ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል ይለናል፣ አባዬ። ዘው ብሎ አይገባም። ፈረንጆቹም እንዲያው ናቸው፤ የምሥራች ይሁን መርዶ፣ ቀድመው በአንዲት ቃል ያሳውቁሃል።»

ባለቤቱ ፀሐይ ልታጽናናው ፈልጋ የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል አለች። ባትናገረው ይሻል ነበር። ካሳሁን እጁን ታጥቦ ከማዕዱ ተነሣ።

ቀና። ሌላ ስም አናወጣለትም። ልጁን ከእሱ ይልቅ ሌላ ሰው አስተማራት፣ ያውም እሱ የጣለው ተማሪ። በማግሥቱ እግሩ ራሱ ወደ ባጃጅ መጠገኛው ወሰደው። ባጃጅ የለው፣ ጎማ የለው! ሠራተኛው ምን ልታዘዝ ጋሼ ቢለው፣ ለአንድ ዘመዴ የመለዋወጫ ዋጋ ላጣራ ብዬ ነው ብሎ ዋሸ። ጆሮው ግን ቆርቆሮው ላይ ነበር። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አንዲት ልጅ ትናገራለች፣ እንደገና ሳቅ። ከሳቁ መሀል የትንሣኤን ለየው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በእሱ ክፍል የሳቀ ተማሪ ቢኖር ተንበርክኮ የዋለ ብቻ ነው።

ትምህርቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትንሣኤ መልእክት ይዛ መጣች። እንደ አገሩ ወግ ማኅበርም ሆነ ትምህርት ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይዘጋም። ሮቤልም የምስክር ወረቀቱን ጋሼ ካሳሁን ይስጡልን፣ ይመርቁንም ብሏል አለችው። ካሳሁን በሆዱ፣ ሊያላግጥብኝ ነው አለ። በአፉ ግን እሺ አለ። እሺ ያለበትን ምክንያት እሱና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ሁለት ቀን ከሳጥን ሥር የቆየውን የኮሌጅ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ከረመ። የተውሳከ ግስ ዓይነቶችን፣ ቦታቸውንና አገልግሎታቸውን የሚመለከቱ አምስት ጥያቄዎች አወጣ። ሮቤል አንዱን እንኳ እንደማይመልስ ያውቃል፤ ልጁ የሚናገር እንጂ ሕጉን የሚያውቅ አይደለም። ጥያቄዎቹን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። በወላጅ ፊት፣ በተለይም በትንሣኤ ፊት፣ አንድ በአንድ ሊያነብለት ነው። መልስ ሲያጣ ልጄ ዓይኗ ይገለጣል ብሎ አሰበ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ክፍሏ ሞላች። ቆርቆሮው ያቃጥላል፤ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። ሮቤል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ካሳሁንን ከደጅ ተቀበለውና ከፊት አስቀመጠው። ካሳሁን እጁን ደረት ኪሱ ላይ አድርጎ ተራውን ጠበቀ። ሮቤል ግን ቀድሞ ተናገረ።

«ብዙ ሰው ይህን ነገር ከፈረንጅ የተማርኩት ይመስለዋል» አለ። «መጀመሪያ የተማርኩት ግን ከቲቸር ካሳሁን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሲመልሱልን፣ ስም ከመጥራታቸው በፊት አንዲት ቃል ይናገሩ ነበር። ላለፈ ‹ፎርቹኔትሊ›፣ ደግነቱ እንደማለት፤ ለወደቀ ‹አንፎርቹኔትሊ›፣ አለመታደል ሆኖ እንደማለት። ሌላው እንግሊዝኛቸው አይገባኝም ነበር። ይህቺን ግን በጆሮዬ አድብቼ እጠብቃት ነበር፤ ምክንያቱም ከእሷ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰው ስሙ ሳይጠራ መውደቁን ማወቅ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።»

ወላጆች ሳቁ። የድሮ መምህሩ ትዝ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሮቤል አልሳቀም።

ካሳሁን መጀመሪያ ደስ አለው፤ አንደብቅለትም። የኔ ነው አለ በሆዱ፣ ይህን ሁሉ ቀን ያንገበገበኝ ነገር የኔው ነው! እውነትም ይል ነበር። እሱም ከኮሌጅ መምህሩ አፍ ለምዶት እንጂ አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስተምሮት አያውቅም። ደስታው ግን አልቆየም። የወረቀት ክምር ታቅፎ ሰሌዳው ሥር የሚቆምበት ዘመን መጣበት። በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ቀጭን ልጅ ገና ቃሏ ስትወጣ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሲሰብር ታየው። ያን ጊዜ አይቶታል። አይቶ ወደሚቀጥለው ስም አልፏል።

ሮቤል ወረቀቶቹን በሁለት እጁ አቀረበለትና እንደ ድሮው ይጥሩልን አለው። ካሳሁን ተነሣ። መነጽሩን አስተካከለ።

«ፎርቹኔትሊ፣ ኢልሀም ኢብራሂም» አለ።

ክፍሏ በጭብጨባ ተናጋች። ኢልሀም እየሳቀች መጥታ ተቀበለች። ፎርቹኔትሊ እዮኤል፣ ፎርቹኔትሊ ዓይናለም እያለ አሥራ ዘጠኙንም ጠራ። ትንሣኤ ላይ ደረሰ። ልጁ ወረቀቷን ተቀብላ ጉልበቱን ሳመች፣ እሱም አገሯን የምታኮራ ልጅ ያድርግሽ ብሎ መረቃት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አንድም «አን» አላስገባም።

ወረቀቱ አለቀ። ሰው ለስላሳው ወዳለበት ዞረ። ሮቤል ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እዚያው ቆሟል፤ ለእሱ የሚሰጥ ወረቀት የለም። ካሳሁን እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። በቀይ የተጻፈችውን ወረቀት በጣቱ ነካት። እዚያው ኪሱ ውስጥ ጨመደዳትና ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«ኦነስትሊ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛው አለቀበት። «ቀንቼብህ ነበር፣ ሮቤል።»

ሮቤል ዓይኑን እንደ ድሮው መሬት ላይ ሰበረና መልሶ ቀና አለ።

«ገና በመጀመሪያዋ ቃል ገባኝ፣ ቲቸር» አለው።