አገር የሌለው ቋንቋ

ምንይችል ሲደውል ረፋድ አራት ሰዓት ነበር። «ሰርክአዲስ፣ ሴትዮዋ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀሩ» አለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

ሰርክአዲስ የላሊበላ ልጅ ናት። እንግዶች አብያተ ክርስቲያናቱን ሲጎበኙ በስልካቸው የሚከፍቱትን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን መተግበሪያ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ትሠራለች። ምንይችል አስጎብኚ ነው። የዛሬዋ እንግዳው መስማት የተሳናቸው የሃንጋሪ አዛውንት ናቸው፤ በጉዞ ላይ የሚያነቡት ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች እንዲግባቡበት ተብሎ በተፈጠረው ቋንቋ፣ በኤስፔራንቶ ነው።

«እስካሁን ጽሑፉ በሳቸው ቋንቋ ነበር የሚመጣላቸው» አለ ምንይችል። « ዋሻው ውስጥ ስንደርስ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ወጣ። ደነገጡ። እጄን ስዘረጋ ይገፉኛል። ከኋላ ተሳላሚ እየገባ ነው። ጓደኛዬን አረጋን አጠገባቸው ትቼ ነው ልደውል የወጣሁት።»

ሰርክአዲስ ጥፋቱን ታውቀዋለች። ሌላው ጽሑፍ በቋንቋ ብቻ ሲመረጥ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ የሚመረጡት በቋንቋና በአገር ኮድ ነው። ኤስፔራንቶ የቋንቋ ኮድ አለው፣ አገር ግን የለውም። ፕሮግራሙ የአገሩን ቦታ ባዶ ሲያገኘው ወደ አማርኛ ይመለሳል። ከወር በፊት አንድ ተርጓሚ ይህንኑ ጽፎላት ነበር። «በዚህ ቋንቋ ላሊበላ ድረስ ማን ይመጣል?» ብላ አቆየችው።

ባዶውን ቦታ እንዲቀበል ኮዱን ቀየረች። ከመልቀቋ በፊት ስትፈትሸው ሙከራው ወደቀ፤ የአማርኛውም ማስጠንቀቂያ አብሮ ጠፋ። እንዲህ ብትለቀው በዚህ ሰዓት ዋሻ ውስጥ ያለ ሁሉ ባዶ ገጽ ሊያይ ነው።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለ ምንይችል።

«አላውቅም።»

ከዚያ የትርጉሙ ፋይል ትዝ አላት። መተግበሪያው አላወጣ ያለው ጽሑፍ እዚያ አለ። ሦስቱን መስመር ገልብጣ በቴሌግራም ላከችለት።

«ይህን አሳያቸው። ‹ቀኝ እጅዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ከፊትዎ አንድ ደረጃ አለ› ነው የሚለው። አንብበው እስኪጨርሱ እንዳትነካቸው።»

ሩብ ሰዓት አለፈ። ብትደውል፣ ብትደውል፣ አይገባም። ኮምፒውተሯን ክፍት ትታ ደጅ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች።

በመጨረሻ ደወለ። «ወጥተናል። ሁለቴ አነበቡትና ራሳቸው እጄን ያዙ።»

«ተጎዱ?»

«ጉልበታቸው ተልጧል። ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልበልልሽ?»

«አይ፣ ራሴ እመጣለሁ።»

ባጃጅ ይዛ ወረደች። ከትርጉሙ ፋይል ውስጥ «ይቅርታ» የሚለውን የኤስፔራንቶ ቃል ፈልጋ ስልኳን ዘረጋችላቸው። አዛውንቷ አነበቡት፤ ፈገግ አላሉም፤ ጠጋ ብለው ግን አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

ማታውኑ ለተርጓሚው «ያቆየሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ቋንቋዎች ሙከራውን አለፉ።