የአባቷ ድምፅ

ተረት ሲወራ ጅቡም ጦጣውም ዓሊማ ነበረች፤ ጭቃ ሹሙን ስታስመስልማ ሳቁ ጋራ ያልፋል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ መሞቱን ያልነገረቻትን ልጇን ሳዲያን አዝላ መካነ ሰላም መጠለያ ገባች። ልጅቱ አጥሚቱን አልቀምስም አለች። ዓሊማ እንደ ዶሮም እንደ በግም ብትጮህላት ፊቷን አዞረች።

«በአባቷ ድምፅ ለምኛት እንጂ!» አሏት ጎረቤቷ እትዬ ድንቅነሽ።

«ወላሂ አላደርገውም! በሙት ይቀለዳል?»

«እንግዲያው እሷንም ቅበሪያት!»

ዓሊማ ከድንኳኑ ጀርባ ዞራ፣ በባሏ ድምፅ «ሳዲዬ፣ ጠጪ እንጂ» አለች።

ሳዲያ ግማሹን ጠጣችና ኩባያውን ወደ ድምፁ ዘረጋች። «አባዬ፣ ያንተን ተውኩልህ።»

 ዓሊማ በረሃብ በሞተው ሰው ድምፅ፣ «እኔ ጠግቤያለሁ፣ ጨርሺው» አለቻት።